ነጭ ጋዋን የለበሰው ጉበት

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ልጄ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ሕልም አየሁ። አስታማሚ እንቅልፍ የለውም ሲሉ እሰማ ነበር፤ ውሸት ነው። ሦስት ቀን ዐይኔን ሳልከድን ቆይቼ፣ ልክ የጥየቃ ሰዓት ሊደርስ ሲል ወንበሩ ላይ ድፍት አልኩ።

ልጄ ሐሴት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ጉበቷ ስብ ተጋግሮበት መጎዳት ስለጀመረ፣ ከትናንት በስቲያ ጨጓራዋን ቆርጠው አሳንሰው ሰፉላት። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአርባ ዓመቴ፣ ያንኑ ቀዶ ሕክምና አድርጌ ጉበቴ ተመልሶልኛል። እንደኔ ትድናለች ብዬ የፈረምኩላት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ዶክተር መሐሪ "ለሁለት ሳምንት ከፈሳሽ በቀር ፍርፋሪ እንዳትቀምስ። ስፌቱ ከተበጠሰ ለሕይወቷ ያሰጋል" ብሎኛል። እኔ ግን ለዘመድ አልተናገርኩም። "ልጅቷን ለቁንጅና ብላ አስቀደደቻት" እንዳይሉኝ ፈርቼ፣ ለባሌ ታላቅ እህት ለእትዬ አሰለፈች እንኳ በስልክ "ትንሽ ጨጓራዋን አሟት ነው" አልኳቸው።

በሕልሜ ሆስፒታሉ ያው ነበር። ሐኪሞቹ ካርድ ይዘው ተሰልፈዋል፤ በሽተኞቹ ጋዋን ለብሰው ተራ ይጠራሉ። ሚዛኑ እየዞረ ሰው ላይ ይወጣል። እኔም ትከሻ ላይ ወጣ።

"ከብደሻል። ምን ደብቀሻል?" አለኝ።

"ኧረ ምንም!"

ሳቀብኝና ወረደ። ራሴን ባይ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሻለሁ፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሐሴት ደግሞ አርባ ሦስት ሞልቷታል። የእኔን ቦርሳ አንግታ፣ የእኔን መነጽር አድርጋ፣ ለእኔ ቀዶ ሕክምና ልትፈርም እስክሪብቶ ትፈልጋለች።

"ሐሴትዬ፣ አንብቢው እንጂ!"

"አንቺ መቼ አነበብሽልኝ?" አለችና ፈረመች።

ቀዶ ጥገና ክፍል ስገባ ዋናው ሐኪም የሐሴት ጉበት ነበር። ነጭ ጋዋኑ አልዘጋ ብሎት ቁና ቁና ይተነፍሳል። "እንዲህ አድርጎ ያበላኝ ማነው?" ሲል ጠየቀ። ቀይ ወጡ፣ ብስኩቱና የለስላሳው ጠርሙስ ተንበረከኩ። "እኛስ አፈር ስንሆን አትብሉን ብለን ለምነን ነበር" አሉና ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ።

ጉበቱ ግን አልተቆጣም። ጠጋ አለና "እኔ ቂም አልይዝም። ጊዜ ከሰጡኝ አገግማለሁ፤ ገና ልጅ ነኝ። በሩን ማን ይጠብቅልኝ?" አለ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

"ማነው?" አልኩ።

"ዘመድ ነኝ። ባዶ እጄን አልመጣሁም።"

በቀዳዳው አጮልቄ አየሁ። ነጠላ ያጣፋ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ጉርሻ ቆሟል፤ ቅባቱ ኮሪደሩ ላይ ይንጠባጠባል። በጀርባዬ በሩን ገፍቼ ያዝኩ። ከመርፌው ጫፍ ላይ የስፌቱ ክር እየተንቀጠቀጠ "ንገሪው! እኔ አንዲት ጉርሻም አልችልም፤ አንድ ቃል ብቻ ንገሪው!" አለኝ። ልናገር ብል አፌ አልከፈት አለ። በእጄ ብዳስሰው ተሰፍቷል፤ በዚያው በሐሴት ክር ነው የተሰፋው። በሩ ተበረገደ።

ባንኜ ነቃሁ።

እትዬ አሰለፈች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ምሳ ዕቃ ተከፍቷል፤ ክፍሉን የቅቤ ሽታ ሞልቶታል። ሐሴት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ትልቅ ሰው ሲያጎርስ እምቢ እንዳትል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አፏ ባዶ ነበር። የእትዬ እጅ ግን ተጠቅልሎ የተዘጋጀ ጉርሻ ይዞ ወደ ከንፈሯ ተዘርግቷል።

"አንቺ ተኚ ግድ የለም፣ ትርሲትዬ" አሉኝ ፈገግ ብለው፤ "እኔ እያበላኋት ነው። ይቺን ብቻ ትድገምልኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል።"