ሦስተኛው ማጥበብ

(ፒያሳ፣ ወደ አትክልት ተራ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። ነሐሴ 1976 ዓ.ም. እያለቀ ነው፤ ውጭ ይዘንባል። ልብስ ሰፊው ረሻድ ቦርጫም ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። ደንበኛው ጋሽ ኃይለየሱስ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ የማያውቁት ነገር የለም። ረሻድ ሜትሩን ወገባቸው ላይ ጠምጥሞ ቁጥሩን ደጋግሞ ያያል።)

ረሻድ፦ ሜትሩ ተለጥጦ ይሆናል።

ኃይለየሱስ፦ ሜትር አይለጠጥም።

ረሻድ፦ ጨርቅ ነው እኮ፣ ጋሼ።

ኃይለየሱስ፦ ቢሆንም ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥር የተጻፈበት ነገር አይለጠጥም።

ረሻድ፦ ታዲያ ሰማንያ ስድስት ይላል።

ኃይለየሱስ፦ ሰማንያ ስድስት ካለ ሰማንያ ስድስት ነው። ጻፍ።

ረሻድ፦ (ደብተሩን ገልጦ) በሰኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳጠብብልዎ ዘጠና ስምንት ነበሩ። በሐምሌ ለሁለተኛ ጊዜ ሳጠብብ ዘጠና ሁለት።

ኃይለየሱስ፦ አየህ? ወደ ታች ነው የምሄደው።

ረሻድ፦ እውነትም ወደ ታች ነው።

ኃይለየሱስ፦ ሱሪውን እስከ ሐሙስ አጥብበው። ለአብዮት በዓል ሰልፍ ከመሥሪያ ቤታችን ፊተኛው ረድፍ ላይ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ሱሪ የሚጎትት ሰው ከፊት አይሰለፍም።

ረሻድ፦ በምን ከሱ ግን?

ኃይለየሱስ፦ በዕውቀት።

ረሻድ፦ ዕውቀት ያከሳል?

ኃይለየሱስ፦ (ቦርጩን እያዩ) አንተን አላከሳህም።

(ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ የመጽሔት ገጽ ያወጣሉ። መነጽራቸውን ያደርጋሉ።)

ኃይለየሱስ፦ አንተ አራዳ መሀል ተቀምጠህ ፋራ ስለሆንክ እኔ ላንብብልህ። "የውጭ አገር ሐኪሞች ብዙ ሰው ለዓመታት ተከታትለው እንደደረሱበት፣ ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው ምግብ በሚያልፍባቸውና በሚፈጭባቸው የሰውነት ክፍሎች ላይ ለሚወጣ ነቀርሳ ከሌላው ይበልጥ ይጋለጣል። ይኸውም የትልቁ አንጀት፣ የጉበት፣ የሐሞት ከረጢት፣ የቆሽት..."

ረሻድ፦ ቆሽት የቱ ጋ ነው?

ኃይለየሱስ፦ ከጨጓራ በስተኋላ። "ቆሽቴ አረረ" ሲባል አልሰማህም?

ረሻድ፦ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ትለኛለች።

ኃይለየሱስ፦ እሱ ነው።

ረሻድ፦ (ቦርጩን በሁለት እጁ ይዞ) ታዲያ እኔ መሞቴ ነው?

ኃይለየሱስ፦ አትቸኩል። ተጋለጠ ማለት ተያዘ ማለት አይደለም። ያለ ጃንጥላ የወጣ ሁሉ ጉንፋን አይይዘውም፤ ከባለ ጃንጥላው ይልቅ ግን እሱን ይይዘዋል። አንተ ያለ ጃንጥላ ነህ።

ረሻድ፦ እርስዎስ?

ኃይለየሱስ፦ እኔማ ከሳሁ፣ አመለጥኩ። በሽታው ወፍራም ሰው ፈልጎ ሲመጣ ቀጭን ያገኛል። ይመለሳል።

ረሻድ፦ ቤት የተሳሳተ መስሎት?

ኃይለየሱስ፦ ከመዝገቡ ተሰርዣለሁ ነው የምልህ።

ረሻድ፦ እኔም ልሰረዝ እንግዲህ። ምን ትተው ነው የከሱት? ጮማ?

ኃይለየሱስ፦ አልተውኩም።

ረሻድ፦ ቅቤ?

ኃይለየሱስ፦ ባለቤቴ ወይዘሮ ተሾመች ቤት እያለች ቅቤ ይተዋል?

ረሻድ፦ በእግርዎ መሄድ ጀምረው ይሆናላ።

ኃይለየሱስ፦ ጭራሽ። ዛሬ ከስድስት ኪሎ ስመጣ ቁልቁለቱን እንኳ አልቻልኩም፤ በውይይት ታክሲ ነው የመጣሁት።

ረሻድ፦ እንዲያ ከሆነ የፍልሰታ ጾም ነው ያከሳዎት።

ኃይለየሱስ፦ ፍልሰታ በየዓመቱ ትመጣለች። በየዓመቱ ሱሪ አጥብበህልኛል?

ረሻድ፦ አላደረግኩም።

ኃይለየሱስ፦ እንግዲያው ጾሙ አይደለም። አስተውለህ ጠይቅ እንጂ።

ረሻድ፦ ምንድን ነው ታዲያ?

ኃይለየሱስ፦ ሥነ ሥርዓት። ሦስት ጉርሻ ስበላ ሆዴ ራሱ "ይበቃል" ይለኛል። የሌላው ሰው ሆድ አለቃ ይፈልጋል። የእኔ ሆድ ነቅቷል።

ረሻድ፦ ሳያዙት?

ኃይለየሱስ፦ ሳላዘው። ከሰኔ ጀምሮ።

ረሻድ፦ ሚዛን ላይ ወጥተዋል?

ኃይለየሱስ፦ እኔ ያለ ማስረጃ አልናገርም። አትክልት ተራ ሙሉዓለም የምትባል ሽንኩርት ነጋዴ አለች። ጆንያ የምትመዝንበት ሚዛን ላይ ወጣሁ። በሰኔ ሰማንያ አራት ኪሎ፣ ትናንት ሰባ ሦስት።

ረሻድ፦ ምን አለች?

ኃይለየሱስ፦ "ሽንኩርት ቢሆኑ ኖሮ ዛሬውኑ ነበር የምሸጥዎት" አለችኝ።

ረሻድ፦ ምን ማለቷ ነው?

ኃይለየሱስ፦ አድንቃኝ ነዋ።

ረሻድ፦ (መቀሱን አስቀምጦ) ሽንኩርት ነጋዴ ቶሎ የምትሸጠው የትኛውን ሽንኩርት ነው?

ኃይለየሱስ፦ ደኅናውን።

ረሻድ፦ ደኅናውንማ ታቆየዋለች።

(ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።)

ኃይለየሱስ፦ አንተ ልብስ ሰፊ ነህ። ስለ ሽንኩርት ምን ታውቃለህ?

ረሻድ፦ ምንም። ይልቅ ወረቀቱን ይጨርሱልኝ፤ የእኔ ነገር አስግቶኛል። ምልክቱን ይናገራል?

ኃይለየሱስ፦ ይናገራል። እያነበብኩ እጠይቅሃለሁ፤ እውነቱን መልስ። በሕመም አይታፈርም። "በሰገራ ላይ ደም መታየት።"

ረሻድ፦ የለብኝም።

ኃይለየሱስ፦ ጥሩ። እሱ እንኳ ኪንታሮት ነው፤ እኔም አልፎ አልፎ አያለሁ። "የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ጥቂት በልቶ መጥገብ።"

ረሻድ፦ ትናንት ግማሽ ኪሎ ሥጋ በልቼ እራቴን ጠየቅሁ።

ኃይለየሱስ፦ ያስታውቅብሃል። "ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም።"

ረሻድ፦ ደኅና ነኝ።

ኃይለየሱስ፦ "ሳይሞክሩት በአጭር ጊዜ ውስጥ መክሳት።" ይኼ መቼም አንተን አይመለከትም። እንለፈው።

ረሻድ፦ እንለፈው።

ኃይለየሱስ፦ "ከእነዚህ አንዱ እንኳ ጥቂት ሳምንታት ከቆየ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል።" አየህ፣ አንድም የለብህም። ለጊዜው ተርፈሃል። ቦርጩን ግን ቀንስ።

ረሻድ፦ እቀንሳለሁ። (ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሱሪ አጥፎ ያቀብላቸዋል) ይኸው፣ ይውሰዱት።

ኃይለየሱስ፦ ምን ላድርገው?

ረሻድ፦ ይልበሱት፣ ይስቀሉት። እኔ አልነካውም። ወረቀት ያስፈልጋል።

ኃይለየሱስ፦ የምን ወረቀት?

ረሻድ፦ የሐኪም። አንድ ጊዜ አጠብባለሁ፣ ሁለተኛም አጠብባለሁ። በአንድ ክረምት ለሦስተኛ ጊዜ ከመጣ ያለ ሐኪም ወረቀት አልሠራም።

ኃይለየሱስ፦ ይህ ደንብ መቼ ወጣ?

ረሻድ፦ አቶ አብዱልሃሚድ ያረፉ ጊዜ።

ኃይለየሱስ፦ እሱ ደግሞ ማን ነው?

ረሻድ፦ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ የአገሬ የወሎ ሰው። ሰፊ ሰው ነበሩ፣ ይኸን በር በጎን ነበር የሚገቡት። አንድ ክረምት ሱሪያቸውን አራት ጊዜ አጠበብኩ። በመጡ ቁጥር "ማሻአላህ፣ ወጣት ሆኑ" እላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ። አራተኛውን ሊወስዱ አልመጡም። ልጃቸው ሸፊቃ መጣች። ሱሪውን አልፈለገችውም፤ ስንት ጊዜ እንዳጠበብኩ ብቻ ጠየቀችኝ። አራት አልኳት። "ታዲያ አራት ጊዜ ስትለካ ምንም አልታየህም?" አለችኝ። ሜትሩን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ኃይለየሱስ፦ (ቀስ ብለው) የእኔ ግን ሌላ ነው። እኔ በሥነ ሥርዓት ነው የከሳሁት።

ረሻድ፦ በሥነ ሥርዓት የከሳ ሰው መጀመሪያ ከቦርጩ ነው የሚጎድለው፤ ኮቱ እንዳለ ይቆያል። የእርስዎ ኮሌታ አራት ጣት ያስገባል። የኮቱ ትከሻ ክንድዎ ላይ ወድቋል። ሰዓትዎንም ቅድም ከክርንዎ ሲመልሱት አይቻለሁ።

(ኃይለየሱስ ሰዓታቸውን በኮት እጅጌያቸው ይሸፍናሉ።)

ኃይለየሱስ፦ ወረቀቱ ማኅተም ሊኖረው ይገባል?

ረሻድ፦ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ቁጥርና ቀን። እርስዎ ቢሮ ያለ ቁጥርና ቀን የመጣ ባለጉዳይ ይስተናገዳል?

ኃይለየሱስ፦ አይስተናገድም።

ረሻድ፦ እዚህም አይስተናገድም።

ኃይለየሱስ፦ ሰልፉስ? ሱሪው ሕዝብ ፊት ይወልቃል እኮ።

ረሻድ፦ በቀኝ እጅዎ ይያዙት። መፈክሩ በግራ እጅ ነው።

(ኃይለየሱስ በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ።)

ኃይለየሱስ፦ ደም፣ ጥጋብ፣ ድካም፣ መክሳት። ይህን ሁሉ አንተ ከየት አገናኘኸው?

ረሻድ፦ ከወረቀቱ። አሁን አነበቡልኝ እኮ።

ኃይለየሱስ፦ ለአንተ ነው ያነበብኩት።

ረሻድ፦ እኔም ሰማሁ። እርስዎ ሲያነቡ አይሰሙም?

ኃይለየሱስ፦ ረሻድ፣ ፈራሁ።

ረሻድ፦ እኔም ፈርቻለሁ። ከታች አንድ መስመር የቀረ ይመስለኛል። ምን ይላል?

ኃይለየሱስ፦ (መነጽራቸውን አስተካክለው) "በጊዜ ከተደረሰበት ብዙው ሊታከም ይችላል።"

ረሻድ፦ ቅድም ለምን ዘለሉት?

ኃይለየሱስ፦ የበሽተኛ መስሎኝ።

(ረሻድ የልኬት ደብተሩን ገጽ ቀዶ፣ ሦስቱን ቁጥሮች ከነቀናቸው አስምሮባቸው ይሰጣቸዋል። የራሱን ጃንጥላም ያቀብላቸዋል።)

ረሻድ፦ አሁኑኑ ይሂዱ። ይኸን ለሐኪሙ ይስጡት።

ኃይለየሱስ፦ ሰጥቼስ ምን ልበለው?

ረሻድ፦ ምንም አይበሉት።

ኃይለየሱስ፦ ያመመውን ሳይናገር የሚታከም ሰው አለ?

ረሻድ፦ ከተናገሩማ ጤነኛ ነኝ ብለው ያሳምኑታል።