ዳይፐር ውስጥ የገባው ሽፍታ

ኑ ልጆቼ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ። በሩን ገርበብ አድርጉት፤ ጥቅምት ነው፣ የጦሳ ተራራ ብርድ አንዴ ቤት ከገባ ውጣ ቢሉት አይወጣም። ጋቢውን ተካፈሉትና ልንገራችሁ።

የእኛ ሰው ጅብ አይፈራም፤ ንፋስ ይፈራል። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ከዚህ ስንነሣ ሁላችንም በጋቢና በሹራብ ተጀቡነን ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ስንጨርስ ሙቀቱ ከታች ይቀበለናል፤ ላብ በጆሮ ግንድ ይወርዳል። ታዲያ አንዱ ጨንቆት መስኮት ከፈት ሲያደርግ፣ ከኋላ ስድስት ሰው በአንድ አፍ «ዝጋው! ልታስመታን ነው?» ይለዋል። መኪና ሙሉ ሰው ተቀቅሎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ግን አልሃምዱሊላህ፣ ንፋስ አልመታውም። ከስድስቱ ጯሂ አንዷ እኔ ነኝ። ምን እደብቃችኋለሁ።

እንግዲህ በዚህ ጭንቅላት ነው ሕፃን ልጠብቅ የወረድኩት።

የልጆቼ አባት ወደ አኺራ ከሄደ ወዲህ፣ ሰኞ ገበያ ጀርባ ያለችው ይህቺ ቤቴ ሰፋችብኝ። ቤት ይሰፋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይሰፋል። የሚመልስልኝ ሳጣ ከሬዲዮ ጋር መጨቃጨቅ ጀመርኩ፤ እሱ ደግሞ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ኋላ ልጄ ሰይድ ከኮምቦልቻ ደውሎ፣ «እማዬ፣ የመዲና የወሊድ ፈቃድ አለቀ፤ ሂክማን የሚይዝልን ሰው አጣን» ሲለኝ፣ አፌ «ውይ ልጄን» አለ እንጂ ሆዴ እልል ብሏል። መዲና ሚስቱ ናት፤ ፋብሪካ ልብስ ትሰፋለች። ሂክማ ልጃቸው ናት፤ ያኔ አምስት ወሯ ነበር።

የተከራዩበት ግቢ አሥር በር አለው፤ አሥሩም ጧት ተቆልፎ ፋብሪካ ይገባል። ቀን የምንቀረው እኔ፣ ሂክማና የአከራይዋ ዶሮ ነን።

እኔ ልጆቼን በጨርቅ ነው ያሳደግኩት። ሲረጥብ ያስታውቃል፤ ታወልቂያለሽ፣ ታጥቢያለሽ፣ ታሰጪያለሽ። ይሄ ዳይፐር የሚሉት ግን ውጭው ደረቅ፣ ውስጡ ባሕር ነው። እኔ ደግሞ ክፉ ቀን ያየሁ ሰው ነኝ፤ ገና ቦታ ያለውን ነገር መጣል አልችልም። ዳሰስ አደርገዋለሁ። «አልሞላም» እላለሁ። እተወዋለሁ። ጧት የታሰረው እስከ ከሰዓት ድረስ ይቆያል።

የልጅቷ ቂጥ ቀላ። ቅቤ ቀባሁት። ንፋስ እንዳይነካት ዳይፐሩን ጠበቅ፣ በላዩ ሱሪ፣ በሱሪው ላይ ፎጣ። በኮምቦልቻ ግንቦት! ቅቤ አድርጎ፣ ከድኖ፣ ሙቀት ላይ መጣድ የወጥ አሠራር ነው እንጂ የልጅ አያያዝ አይደለም። ያኔ ግን አልታየኝም።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ መዲና ልታጥባት ስትገልጣት ቆዳዋ ተልጦ አየች። ልጅቷ ውኃው ሲነካት ነፍሷ እስኪወጣ ጮኸች። መዲና ምንም አልተናገረችኝም። ምራት ስትቆጣ ደግ ነው፤ ዝም ስትል ፍሩ። አመሻሽ ላይ ከመጋረጃው ወዲያ ሰይድን እንዲህ ስትለው ሰማሁ፦

«እስከ ጁምዓ ካልተሻላት ደጋን ያለችው እናቴ ጋ እወስዳታለሁ። እማዬ ደክመዋል፤ ወደ ቤታቸው ይመለሱ።»

«ደክመዋል» የትሑት ሰው ቃል ነው፤ «አልቻሉም» ማለት ነው። እሱስ ይሁን። «ወደ ቤታቸው» ያለችው ነው አንጀቴ ውስጥ የገባው። የትኛው ቤት?

በነጋታው እነሱ ሥራ ሲሄዱ ልጅቷን አዝዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ልጄን የምታክል ቀጭን ልጅ ናት። ገልጣ አየችና «ሽፍታ ነው» አለችኝ።

በእኔ ልጅነት ሽፍታ ጫካ ገብቶ መንገደኛ የሚገፍ ነበር። «ልጄ፣ እዚህ ዳይፐር ውስጥ ደግሞ ምን ሊዘርፍ ገባ?» ብላት፣ እየሳቀች ወንበር ሳበችልኝ።

«እማማ፣ በየስንት ሰዓቱ ነው የሚቀይሩላት?»

«ሲሞላ።»

«ምኑ ሲሞላ?»

«ዳይፐሩ ነዋ!»

«ኧረ እማማ፣ ጀሪካን አደረጉት እኮ!»

ፊደል እንዳልቆጠርኩ ስነግራት ወረቀቷን ትታ በእጇ አሳየችኝ። ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ጨርቅ። ሴት ናትና ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ፤ ከኋላ ወደ ፊት በጭራሽ። የጭኗን እጥፋት ሁሉ ገለጥ እያደረጉ። ከዚያ ሳይፈትጉ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማድረቅ፣ የሰጠችኝን ቅባት ስስ አድርጎ መቀባት። በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ መቀየር፤ ካካ ካለች ግን ወዲያው። ቅቤ የለም፣ ፓውደር የለም። ሁሉንም እሺ አልኩ። የመጨረሻው ነው ያስደነገጠኝ።

«መልሰው ከማሰርዎ በፊት ደግሞ ትንሽ ክፍት ይተውላት። ንፋስ ያግኘው።»

«ምን?»

«ንፋስ።»

«የማንን ቂጥ?»

«የሂክማን ነዋ! አብሽሩ እማማ፣ አይመታትም።»

ቤት ገብቼ እንዳለችኝ አጠብኳት፣ አደረቅኳት። ከዚያ ቢስሚላህ ብዬ መስኮቱን ከፈትኩ። ዕድሜ ልኬን ስዘጋው የኖርኩት ነገር ነው። ሂክማ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርራ እግሮቿን አየር ላይ ታወራጭ ጀመር። ደስ አላት። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ እናደርጋለን። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስለ አያቷ፣ ስለ ቁመቱ፣ ስለ ንዴቱ አወራታለሁ፤ እሷ «እግ» ትለኛለች። ሁለት ጊዜ ቀሚሴ ላይ ሸናችብኝ። እሰይ አልኳት። የሚሸናብኝ ሰው ካገኘሁ ስንት ዘመኔ!

ሐሙስ ዕለት መዲና ቀደም ብላ መጣች። መስኮቱ ወለል ብሎ፣ ልጇ ራቁት።

«ያ አላህ! እማዬ፣ ብርድ ሊያስመቷት ነው?» ብላ ዘላ ዘጋችው።

«ክፈቺው» አልኳት። እኔ! የደሴ ሰው ቢሰማኝ ጉድ ይል ነበር።

ከዚያ ልጇን ገልበጥ አድርጋ አየቻት። ቅላቱ ከስሟል፣ የተላጠው ገጥሟል። ቅቤውንም፣ አልሞላም ማለቴንም፣ ጤና ጣቢያ መሄዴንም ተናዘዝኩላት። አቅፋኝ አለቀሰች።

«አፉ ይበሉኝ እማዬ፣ ደጋን ልወስዳት ነበር። አሁንማ አበቃ! ፋብሪካችን ሕፃናት ማቆያ ከፍቷል እኮ። ሽፍታው ሲጠፋላት አምጫት ብለውኛል። ከሰኞ ጀምሮ አብራኝ ትውላለች። እርስዎም ከዚህ ሙቀት ይገላገላሉ።»

አያችሁልኝ? ባትድን ደጋን፣ ብትድን ማቆያ። መንገዱ ሁለት ነበር፤ እኔን የሚያደርሰኝ ግን አንድ ቦታ።

ሰይጣን አልመጣብኝም አልላችሁም። የቅቤዋ ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ ነበረች፤ አየኋት። አንድ ጣት ብቻ፣ ሁለት ቀን ብቻ፣ ሽፍታውም ይመለሳል… አዑዙ ቢላህ! ቀና ስል የመዲና ሸሚዝ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል። ለካ ከሥራ በተመለሰች ቁጥር እንዲሁ ነበር፤ ልጇ እዚህ ስታለቅስ የእሷ ወተት እዚያ የስፌት መኪናው ላይ ይፈሳል። መሐል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ብልቃጧን ለአከራይዋ ሰጠሁና ጓዜን ጠቀለልኩ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ይሄ ነው። ሂክማ ማቆያ ገባች፤ አሁን ትሮጣለች፣ ዳይፐር ከተወች ቆየች፣ እኔን በስልክ ስታየኝ ትሸሸጋለች። መዲና የሰፊዎች ኃላፊ ሆናለች። ሰይድ ባጃጅ ይነዳል። ያቺ ነርስ ወደ ሌላ አገር ተቀይራለች አሉ፤ በደረሰችበት ይቅናት። እኔ እንደምታዩኝ እዚሁ ነኝ፤ ለኢድ ይመጣሉ፣ ሁለት ቀን አድረው ይሄዳሉ።

የመዲና እናት ደጋን ናት። ያኔ ልጅቷ ትመጣለች ሲሏት አልጋውን ከግድግዳ አርቃ፣ ጨርቅ አጥባ አጣጥፋ ትጠብቅ ነበር ለካ። እሷም ብቻዋን ናት። አሁን ጁምዓ ጁምዓ እንደዋወላለን።

«መጡልሽ?» ትለኛለች።

«አልመጡም። አንቺ ጋስ?»

«እኔም ጋ አልመጡም።»

ከዚያ ስለ ዝናቡ እናወራለን።