የሀብተሚካኤል ጃፓንኛ

ሁለት ሰዎች ለጨዋታ በተቀመጡበት ቦታ ሁሉ አንድ ሦስተኛ ሰው ቆሞ ይገኛል፤ ጨዋታውን የሚያውቀውም እሱ ነው። ዳማ ቢሆን ቆርኪ ነክቶ አያውቅም፣ ከረንቡላ ቢሆን ዘንግ ጨብጦ አያውቅም፤ ግን ተጫዋቹ እጁን ከማንሣቱ በፊት «አይ፣ በዚህ በኩል አይደለም» ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ከየት መጣ ሳይባል ከጎማው አጠገብ ቆሞ «ና፣ ና፣ ቆልምም፣ በቃ» የሚለው እሱ ነው። መኪናው ግንቡን ሲገጨው ደግሞ «ብዬው ነበር» ይላል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ሀገሬው «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ብሎ የተረተው ይህን ሰው አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ለአቃቂ የደረሳት ሀብተሚካኤል ነው። ክቡርነታቸው ዛሬ ቃሊቲ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ናቸው፤ ተፈጥሯቸውና እንጀራቸው እንዲህ የተገናኘላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ቢሆንም በዚያ መናኸሪያ መሪ የሚጨብጥ ሁሉ መንዳትን ከእሱ የተማረ ይመስለዋል። ሹፌሮቹ ይስቁበታል፣ ረዳቶቹ ድምፁን እያስመሰሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን ለአፍ ዳገት የለውምና መምራቱን ይቀጥላል።

አብሮ አደጉ ነቢዩ የሚያውቀው ግን ከመናኸሪያው በፊት ነው። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ሙህዲን የሚባል የስልጤ ነጋዴ ከባቡር ጣቢያው በታች ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ ስኳርና ሳሙናውን ወደ አንድ ጥግ ገፍቶ ልጆች እየከፈሉ በቴሌቪዥን የሚጫወቱበት ጌም ቤት ከፈተ። ከጌም ካሴቶቹ ሁሉ የሚወደደው ልጆቹ «ባለሰይፉ» የሚሉት ነበር። ቀይ ካባ የለበሰ ልጅ አጭር ሰይፍ ይዞ ከመንደሩ ይወጣል፣ ጫካ ይገባል፣ ከአውሬ ይታገላል። በታገለ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል፤ ሰይፉም ይረዝማል። በየመንገዱ ሰው ሲያገኝ ቆሞ ያነጋግረዋል፤ ያኔ ከቴሌቪዥኑ ግርጌ ጥቁር ሳጥን ይወጣና በጽሑፍ ይሞላል። ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው።

ሀብተሚካኤል ሀብተሚካኤል የሆነው በዚህች ሳጥን ምክንያት ነው።

«ሽማግሌው ምን አለው?» ይላል ነቢዩ፣ ጆይስቲኩን እንደያዘ፣ ሳይዞር።

«ስለ እህቱ ነው የሚነግረው» ይላል ሀብተሚካኤል ከጀርባው ቆሞ። «"ልጄ፣ እህትህን ወንዝ ማዶ ወስደዋታል። አባትህም ይህን ሰምቶ ነው አልጋ የያዘው። ይህችን ሰይፍ አጭር ናት ብለህ እንዳትንቃት፣ የአያትህ ናት" ነው የሚለው።»

ሙህዲን ከባንኮኒው ኋላ ቀና አለ። «ይሄ ሁሉ እዚያች ሳጥን ውስጥ ተጽፏል?»

«ጃፓንኛ ቁጥብ ቋንቋ ነው፣ ጋሼ።»

ቋንቋውን ከየት አመጣው የሚል ቢኖር መልሱ ዝግጁ ነበር። የእናቱ ወንድም ኩምሳ ለጃፓን መሐንዲሶች ሹፌር ሆኖ ሠርቷል። ጃፓንኛ ከአጎት ወደ እህት ልጅ በደም እንደሚተላለፍ ያኔ ማንም አልተጠራጠረም። የመጫወቻ ሳንቲም ያጡ ልጆች እንኳ ትርጉሙን ለመስማት ብቻ እስከ በሩ ድረስ ተጠጋግተው ይቆሙ ነበር፤ ሙህዲንም አያባርራቸውም፤ የእህቲቱ ነገር እሱንም ይዞታል።

ከዚያ ለቅሶው መጣ። አንድ ቀን ባለሰይፉ ልጅ ከጫካው በፊት ባለው መንደር አንዲት አሮጊት ሲያነጋግር፣ ሀብተሚካኤል ጽሑፉን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሹሙ ልጅ ሞቷል» አለ። በዚያች ቀን ሕግ ወጣ። ለቅሶ ሳይደርሱ መንገድ አይቀናም። ተጫዋቹ በመንደሩ ያለውን ቤት አንድ በአንድ ገብቶ፣ ከእያንዳንዱ ሰው ፊት ቆሞ፣ አዝራሩን ተጭኖ «ነፍስ ይማር» ማለት አለበት። ለአቃቂ ልጅ ይህ ምኑም አያስቸግርም፤ ሞት የተሰማበትን ሰፈር ዝም ብሎ ማለፍ ነውር መሆኑን ከእናቱ ጋር ከድንኳን ድንኳን ሲዞር ተምሮታል። ሳህሌ የሚባል ችኩል ልጅ አንድ ጊዜ ለቅሶውን ዘልሎ ዋሻ ቢገባ፣ ገና ከበሩ የሌሊት ወፍ በላው። «እህ» አለ ሀብተሚካኤል፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገም።

ችግሩ ካሴቱ ነበር። በውስጡ ያለችው ባትሪ ሞታ ስለነበር የደረሱበትን አያስታውስም። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ የተጫዋቹም ጊዜ ባለቀ ቁጥር፣ ነገሩ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ እንደገና ሽማግሌው፣ እንደገና እህቲቱ፣ እንደገና ቤት ለቤት ለቅሶ። ለቅሶው ሲያልቅ ሙህዲን ሰዓቱን አይቶ «በቃ፣ ተነሥ» ይላል። እንዲህ እየተባለ በአቃቂ ውስጥ የባለሰይፉን መጨረሻ ያየ አንድም ሰው ሳይኖር ሙህዲን ጌም ቤቱን ዘግቶ ወደ ብረታ ብረት ንግድ ዞረ። ማጫወቻውንና ካሴቱን ለነቢዩ ሰጠው።

ዕቃው በነቢዩ እናት ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ጠጥቶ ኖሮ፣ ነቢዩ አግብቶ ገላን ኮንዶሚኒየም ሲገባ ከድስትና ከብርድ ልብስ ጋር ተጭኖ መጣ። ነቢዩ ካሴቱን ለስልክ ጠጋኙ ለሻፊ ወሰደለት። ሻፊ ፈትቶ አየው፣ አሮጌዋን ባትሪ አውጥቶ አዲስ በየደለትና «አሁን ያስታውሳል» አለው። ነቢዩ በመጋዘን ሠራተኛነቱ ረክቶ የሚኖር፣ ሚስቱን የሚወድ ሰው ነው፤ ሳይጨርስ የቀረው ነገር ግን ይከነክነዋል። ባለሰይፉን በገዛ እጁ፣ በሰላም፣ ጆሮው ሥር ማንም ሳይጮህ ሊጨርስ ቆረጠ።

አላወቀም እንጂ ሀብተሚካኤልም ዕጣ የደረሰው ከጎኑ ብሎክ ነው። የጌሙ ዜማ በመስኮት እንደወጣ በሩ ተንኳኳ።

«ባለሰይፉ ነው አይደል?» አለና ገብቶ ከሶፋው ኋላ ቆመ። የነቢዩ ሚስት ዮዲ ቁጭ እንዲል ብትለምነው «ተቀምጬ አይታየኝም» አላት። «ነቢዬ፣ ሽማግሌውን አልፈኸው እኮ ነው። ተመለስ።»

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሊቀ ትርጓሜ ሀብተሚካኤል ከሶፋው ኋላ አልጠፋም። ነቢዩ ሰይፍ ሲያነሣ «ገና ነው» ይለዋል፤ ሲያወርድ «አሁን ነበር» ይለዋል። ሲሞት ደግሞ ከንፈሩን ይመጥጣል። መንደሩ ሲደርሱ ለቅሶ ተደረሰ። እሁድ ቁርሷን በሰላም መብላት የለመደችው ዮዲ፣ ሁለት ጎልማሶች በቴሌቪዥን ፊት አንገታቸውን ደፍተው «ነፍስ ይማር» ሲሉ አይታ ስልኳን አወጣች።

ኢንተርኔት የማያመጣው ነገር የለም። ባለሰይፉን የሚወዱ ፈረንጆች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት አገኘችው። ሀብተሚካኤል ከሄደ በኋላ አልጋ ላይ ወድቃ ስትስቅ ነቢዩ ደነገጠ።

«ነቢዬ፣ ሠርግ ነው።»

«የቱ?»

«ለቅሶ የምትደርሱበት። ሹሙ ልጁን እየዳረ ነው። አሮጊቷ "መጠጡ ደርሷል፣ ሳትቀምስ እንዳትሄድ" ነው የምትልህ።»

ነቢዩም ሳቀ። ስንቱን ሙሽራ እንደቀበሩት እያሰበ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ «እህቱስ?» አላት።

«እህት የለውም» አለች ዮዲ። «ሽማግሌው ጫካው አደገኛ ነው፣ ሰይፍ ግዛ ነው ያለው። በቃ።»

ይህን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ልጅ ሳለ፣ ዝናብ የቤታቸውን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ስለዚያች ልጅ ተጨንቆ ያውቃል። ወንዙ ሞልቶ ይሆን፣ ምን ለብሳ ይሆን ብሎ አስቦላታል። አሁን ባለትዳር ሆኖ፣ ያልነበረች ልጅ መርዶ ተነግሮት ክፉኛ አዘነ።

«የፊታችን እሁድ ሲመጣ አነብለታለሁ» አለች ዮዲ። «እዚያው ቆሞ እውነቱን ይስማ።»

«ተይው እባክሽ።»

«ለምን? ይሄን ሁሉ ዓመት ሲዋሻችሁ።»

ነቢዩ መልስ ፈለገ። ሀብተሚካኤል በመናኸሪያው ቀኑን ሙሉ ሲሳቅበት ይውላል። ቤቱም ቢሆን የሚሰማው የለም። በሕይወቱ ተሳስተሃል ያልተባለበት ቦታ ይህ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አሰበና «ጎረቤት ነው» ብቻ አላት። ዮዲ «እናያለን» አለች።

ቅዳሜ ሀብተሚካኤል ሥራ ላይ ነበር። ነቢዩ ዕድሉን አገኘሁ ብሎ ብቻውን ተቀመጠ፤ የዮዲን ስልክም ከጎኑ አደረገ። እንዴት ያለ ነፃነት ነው። ማንም አልጮኸበትም። ተመለስ ያለውም የለም። ዋሻውን አለፈ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ የመጨረሻው ግንብ በር ደረሰ። ሰው ባነጋገረ ቁጥር ስልኩን ያያል። አንዱ ጥሩ መድኃኒት እሸጣለሁ ይላል፣ ሌላው በሩ ተቆልፏል ይላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያዝንላቸው የኖረው ሰዎች ሁሉ ነጋዴና ዘበኛ ሆነው ቁጭ አሉበት። ከበሩ ውስጥ የሚጠብቀውን አውሬ መግደል ብቻ ነበር የቀረው። አልገባም። የደረሰበትን አስቀመጠና ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ሀብተሚካኤል ናፈቀው፤ ይህን ለሚስቱ መናገር ግን አሳፈረው።

በማግስቱ ሀብተሚካኤል ነጠላውን እንዳጣፋ መጣ። ግንቡን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ለቅሶውስ?»

«ደርሻለሁ» አለ ነቢዩ።

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ደግ አደረግህ» አለና ቦታውን ያዘ።

ዮዲ ስልኳን ይዛ ከሶፋው ጫፍ ተቀምጣለች። ነቢዩ አየት አደረጋት፤ አላየችውም። በሩ ተከፈተ፣ አውሬው ወጣ። «ግራ፣ ግራ፣ ያዝ፣ አሁን ልቀቀው» ይላል ሀብተሚካኤል፤ ሚኒባስ ከጉድጓድ የሚያወጣ ይመስላል። ነቢዩ እንደለመደው ግማሹን ሰማ፣ ግማሹን ተወ። በመጨረሻ አውሬው ተንበረከከ፣ ቴሌቪዥኑ ነጣ፣ ከዚያ ሙሉውን መስኮት የሞላ ጽሑፍ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

እዚህ ማንም ደርሶ አያውቅም።

«ሀብቴ» አለ ነቢዩ።

የሀብተሚካኤል ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ዓይኑ ከሚሮጠው ጽሑፍ ጋር ወደ ላይ ወጣ፣ ተመልሶ ወረደ።

«ይሄኛው» አለ በቀስታ፣ «ይሄኛውን አላውቀውም።»

ነቢዩ ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም። ዮዲ ስልኳን ቀና አደረገች። የተጻፈውን ነቢዩ ትናንት አጮልቆ አይቶታል፤ ሀገሩ ሰላም ሆነ፣ ስለ ተጫወታችሁ እናመሰግናለን፣ ከዚያ የሠሪዎቹ ስም። ከሚስቱ ቀደመ።

«እህቱን አገኛት ነው የሚለው» አለ።

ሀብተሚካኤል ዞሮ አየው። «ማንበብ ትችላለህ እንዴ?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ከጀርባዬ ቆመህ ስታነብልኝ ትንሽ ትንሽ አልለምድም?»

ሀብተሚካኤል የሶፋውን መደገፊያ በሁለት እጁ ያዘ። «ደህና ናት?»

«ደህና ናት ይላል።»

«እስካሁንስ የት ነበረች?»

ውሸት ለካ ተሰጥዖ ይፈልጋል፤ ነቢዩ ደግሞ የመጋዘን ሰው ነው። ጽሑፉ ሊያልቅ ነው። ዮዲን አያት። ዮዲ መጀመሪያ ባሏን፣ ቀጥሎ ከሶፋው ኋላ የቆመውን ሰው ተመለከተች፤ ከዚያ ስልኳን ገልብጣ ሶፋው ላይ ደፋችው።

«ቤቷ ነበረች ይላል» አለች። «ወንዝ የተሻገረው እሱ ነው እንጂ፣ እሷ ከደጃፏም አልራቀች። በር በሩን እያየች ስትጠብቀው ነበር።»

ሀብተሚካኤል በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገና ጉሮሮውን አጠራ።

«ልክ ነው» አለ። «እኔም አንድ ሁለት ቦታ ላይ ጠርጥሬ ነበር።»