ጅብ የከሰሰው መንገድ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ በአቅራቢያችሁ ጅብ ካለ ግን አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ክስ ይወዳል።

ድሮ በአንድ ጫካ ውስጥ ሰፊ ረግረግ ነበር፤ ከረግረጉ ማዶ ደግሞ በበጋ የማይደርቅ ምንጭ። እንስሳቱ በረግረጉ ላይ የድንጋይ መንገድ ሠርተው ነበር። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። ደንቡ ቀላል ነበር፤ የፈለገ ያልፍበታል፣ ድንጋይ የጎደለበትን ያየ ይሞላበታል። ድንጋይ የሚያኖር ሁሉ መጀመሪያ እግሩን ጭቃው ላይ ያትማል፤ ከዚያ ድንጋዩን በዱካው ላይ ያስቀምጣል። ድንጋዩ አንድ ቀን ቢነቃነቅ፣ አስተካክል ተብሎ የሚጠራው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

አንድ በጋ ጅብ ከመንገዱ መግቢያ ላይ ተጋድሞ ተገኘ። በዚህ መንገድ ውስጥ ከግቢዬ የተሰረቁ ድንጋዮች አሉ አለ። ከእንግዲህም የሚያልፍ ሁሉ ባለፈ ቁጥር አንድ አጥንት ይዞ እንዲመጣ አዘዘ። ይህ ለነብር ብዙም አልከበደውም። ሚዳቋ ግን ከራሷ አጥንት በቀር ሌላ አልነበራትም። ግልገሏ ገና ጨቅላ ነበረች፤ የእናትየዋም ወተት በውሃ ጥም እየነጠፈ ነበር።

ጃርት እሾኋን አራግፋ ቀረበችው።

“አያ ጅቦ፣ የትኞቹ እንደሆኑ አሳየንና አሁኑኑ አንስተን እንመልስልህ።”

“ካሳየኋችሁማ ታነሷቸዋላችሁ።”

“እንዲመለሱልህ አይደል የምትፈልገው?”

“ከተመለሱማ በምን እከሳችኋለሁ?” አለ ጅብ።

ነገሩ ወደ ዳኛ ሄደ። ዳኛው ኤሊ ነበሩ። ከቤታቸው ወጥተው ችሎቱ ጋ እስኪደርሱ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች፤ እንደደረሱም ለሌላ ቀን ይቀጥሩና ይመለሳሉ። ለጅብ ይህ ተመቸው። ቀጠሮው በረዘመ ቁጥር የሚፈራው በዛ፤ አንዳንዱም አጥንት ለቅሞ ማምጣት ጀመረ። ቀበሮማ ከምከራከር ብላ የሟች አጎቷን ቅልጥም ይዛ መጣች ይባላል።

የጅብ ጠበቃ ጉሬዛ ነበረች። ጥቁርና ነጭ ካባ ለብሳ ስለተወለደች፣ ጠበቃነት የተፈጠረላት ይመስላል። እሷ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ነው የምትሄደው፤ በመንገዱ አልፋ አታውቅም፣ አንዲትም ድንጋይ አላኖረችበትም። ጅብ ነብርን ከዛፏ ሥር ሊያባርርላት ቃል ስለገባ ጉዳዩን ያዘችለት እንጂ፣ ስለ ድንጋዩ አልጠየቀችውም።

አንድ ጠዋት ሚዳቋ ከዛፉ ሥር መጥታ ቆመች።

“እሜት ጉሬዛ፣ አንቺ ከላይ ሆነሽ ታያለሽ። ጅቡ ሲተኛ አንድ ጊዜ ብቻ ጉሮሮሽን ጥረጊልኝ፤ ሮጬ ጠጥቼ ልመለስ።”

“የደንበኛዬን የእንቅልፍ ምስጢር ለሌላ ማውጣት አልችልም” አለቻት ጉሬዛ።

ሚዳቋ የደረቀ አፍንጫዋን ላሰችና ሄደች። ግልገሏ ከኋላዋ እየተንገዳገደች ተከተለቻት። ጉሬዛ ያን ቀን የቀጠፈችውን ቅጠል በእጇ እንደያዘች ሳትበላው ዋለች።

ለቀጣዩ ችሎት ጃርት መላ ዘየደች። ከርከሮን ልካ ዳኛውን በጀርባው አዝሎ እንዲያመጣቸው አደረገች፤ ያመጣቸውም እዚያው መንገዱ ላይ ነው። ዳኛው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በጠዋት ስለደረሱ፣ ቀጠሮ የሚሰጡበት ምክንያት አጡ። ሌላ ምርጫ ሲያጡ ጅብን ድንጋዩን አሳይ አሉት።

ጅብ ጠበቃው ካለችበት ዛፍ ሥር ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ ከድንጋዮቹ ደስ ያላትን አንዷን እንድትጠቁም ነገራት። ጉሬዛ ከዛፏ ወረደች። በድንጋዮቹ ላይ ቀስ ብላ ተራምዳ፣ መሀል ላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ድንጋይ በእጇ ነካች።

ከርከሮ በክራንቻው ገለበጣት። ከሥሯ ሰፊ ዱካ ታየ፤ ከአራቱ ጣቶች አንዱ የለም። በዚያ ጫካ አንድ ጣት የጎደላት ጅብ አንዲት ብቻ ነበረች፤ በወጥመድ ተይዛ ጣቷን ያጣችው የከሳሹ እናት። ዳኛው ዱካውን አዩና ጅብን አዩት።

“ልጄ፣ እናትህ ለመንገዱ የሰጠችውን ነው ተሰረቅሁ የምትለው?”

ጅብ ወደ ጉሬዛ ዞረ። “ከዚህ ሁሉ ድንጋይ ለምን ይህችን?”

“ደስ ያለሽን አልከኝ። ስታኖራት ከላይ ሆኜ አይቻት ነበር፤ አንተን በአፏ አንጠልጥላ ነበር።”

ዳኛው ፍርዱን ተናግረው ሳይጨርሱ ሚዳቋ ግልገሏን አስከትላ ምንጩ ጋ ደርሳ ነበር። ጅብም ጭራውን ሸጉጦ ሄደ። ድንጋይዋ ግን እንደተገለበጠች ቀረች።

ጉሬዛ ጎንበስ አለች። ከእናትየዋ ዱካ አጠገብ ትንሿን መዳፏን አተመች፤ ድንጋይዋንም እየጎተተች ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ስትነሳ የካባዋ ነጭ ዘርፍ በሙሉ ጠቁሮ ነበር።

“ካባሽን ጭቃ ነካው እኮ፣ እሜት ጉሬዛ” አለች ጃርት ልታሾፍባት።

“ጭቃውስ ታጥቦ ይለቃል” አለች ጉሬዛ።