ትራክተሯን «አይ፣ አመሰግናለሁ» ያልኩበት እሁድ

ዛሬ እዚህ ለንደን፣ ሃክኒ ውስጥ በገዛ አፌ የሠራሁትን ጉድ ልንገራችሁ። ሳቁብኝ፤ ስትጨርሱ ግን ትንሽ እዘኑልኝ።

እንደምታውቁት እኔ የትራክተር በሽተኛ ነኝ። ቶተንሃም ተቀምጬ አውቶቡስ እየነዳሁ፣ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር የድሮ ትራክተር ሰርች የማደርግ ሴት። የስልኬ ስክሪን ላይ ያለው ፎቶ የእጮኛዬ አይደለም።

የትራክተር ነው።

ያውም ተራ ትራክተር እንዳይመስላችሁ። ኬንት ውስጥ አንድ አባትና ልጅ በትንሽ ወርክሾፕ የሠሯት፣ አፕል ዛፍ መሃል እንድትሽሎከሎክ ጠበብና ዝቅ ያለች፣ አረንጓዴ ቀለሟ የገረጣ። ከሠሯቸው ውስጥ ሞተሯ የሚሠራ እሷ ብቻ ቀርታለች ይባላል። እሷው ናት እንግዲህ ዛሬ ሃክኒ፣ ፓርክ ውስጥ ለአሮጌ መኪኖች ትርኢት የመጣችው።

ጋሽ ታደሰን ይዤ ሄድኩ። ጎረቤታችን ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዋሽ፣ የመንግሥት እርሻ ላይ የትራክተር ሾፌር ነበሩ። ይሄን በሽታ ያስያዙኝም እሳቸው ናቸው። ለንደን ከገቡ ወዲህ መሪ ጨብጠው አያውቁም። ዛሬ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ብቅ አሉ።

«ለትራክተር ነው እንዴ ጋሼ?» ስላቸው፣ «ታዲያ ለማን ልልበስ?» አሉኝ።

ባለቤቷ ኮሊን የሚባል ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ሆዷ ሥር ገብቼ ማርሿን ሳይ፣ ጋሽ ታደሰ ጆሯቸውን ወደ ሞተሯ አዘንብለው ሲያዳምጡ አየንና ደስ አለው። ዛሬ የመጨረሻ ቀኗ እንደሆነ ነገረን። ስለደከመው ለሙዚየም ሊሰጣት ነው። ከዚያ በኋላ በገመድ ታጥራ ትቆማለች እንጂ ማንም አያስነሳትም።

ከዚያ «አንድ ዙር ልትነጃት ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

የዕድሜ ልክ ሕልሜ! ፊት ለፊቴ!

«ኖ ኖ፣ አመሰግናለሁ፣ አላስቸግርህም» አልኩት።

መቼም እናንተ ታውቁታላችሁ። እኛ ቤት የመጀመሪያው «አይ» መልስ አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፣ ተጋባዡ «ኧረ አይሆንም» ይላል፣ ሦስተኛው ላይ «እሺ፣ ካላችሁ» ተብሎ ይገባል። እኔም «በሞቴ»ዬን እየጠበቅሁ ፈገግ ብዬ ቆምኩ።

«ኖ ፕሮብሌም» አለና ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረ። «እርስዎስ?»

ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ኖ፣ ታንክ ዩ» አሉ።

«ኖ ፕሮብሌም።»

ከኋላችን አይስክሬም የሚልስ ሰውዬ ነበር። አንዴ ተጠየቀ፣ አንዴ እሺ አለ፣ አይስክሬሙን እንደያዘ ወጣ። ሙሉ ዙር ነዳት።

ጋሽ ታደሰ በዓይናቸው ሸኝተውት ሲያበቁ፣ «ይሄን ኮሊን የሚሉትን ሰው እንግዳ መለመን ያስተማረው የለም?» አሉኝ።

ትርኢቱ ሊዘጋ ሲል ኮሊን ትራክተሯ የምትጫንበትን ተሳቢ መወጣጫ ማውረድ ጀመረ። ይሉኝታዬን ዋጥ አድርጌ ሮጥኩ። «እባክህ እንደገና ጠይቀኝ» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ፤ ግን ጠየቀኝ። «ልትነጃት ትፈልጊያለሽ?»

«ኖ ኖ፣ አትቸገር።»

እኔ አይደለሁም ያልኩት። አፌ ነው።

ጋሽ ታደሰ ከረባታቸውን አስተካክለው መሃላችን ገቡና ሦስት ጣታቸውን አነሡ። «ስሪ ታይም» አሉት። «አስክ ስሪ ታይም።» ኮሊን እየሳቀ ሦስተኛውን ጠየቀኝ። «የስ!» ብዬ ስጮህ የሰው ውሻ ጮኸብኝ።

ወጣሁ። አውቶቡሴ አውቶማቲክ፣ ፍሪሲዮን የሌለው መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ፍሪሲዮኗን ስለቀው አንዴ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። ደግሜ አስነሳሁ፣ ደግሞ ጠፋ። አይስክሬም በላተኛው አጨበጨበልኝ።

«ውረጂ» አሉኝ ጋሽ ታደሰ። እሳቸው ሳይለመኑ ወጡ። ፍሪሲዮኗን ቀስ አድርገው ሲለቁት ትራክተሯ ምንም ሳትንገራገር መወጣጫውን ይዛ ተሳቢው ላይ ወጣች። ሲወርዱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ የኔም እንደዚያው። «ከቫልቮቹ አንዱ መስተካከል አለበት፣ ንገሪው» አሉኝ።

ነገርኩት። ኮሊን ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረ።

«ክረምቱን ሙሉ እኔም ድምፁን ስሰማው ነበር» አለ። «እጄ ግን እምቢ አለኝ። ቅዳሜ ጋራዤ ብትመጡና ብንሠራት ለሙዚየሙ መስጠቱ ይቆያል። ትመጣላችሁ?»

አፌን ስከፍት ጋሽ ታደሰ እግሬን ረገጡኝ። «የስ» አሉ፣ በአንዴ።

ቶተንሃም ስንደርስ በሬ ላይ ቆመን «ጋሼ፣ ይግቡና እራት ይብሉ» አልኳቸው።

«አይ፣ ልሂድ፣ አልራበኝም።»

«ኖ ፕሮብሌም» ብዬ ቁልፌን አወጣሁ።

ዞር ስል አልሄዱም። ከነከረባታቸው ቆመው ያዩኛል።

«አንዴ ብቻ?» አሉኝ።

አሁን ወጥ ቤቴ ተቀምጠው ሁለተኛ ሰሐን ይዘዋል፤ እየጎረሱ ስለ ፍሪሲዮን ያስተምሩኛል። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ኮሊን ሻይ ሲያቀርብልኝ ምን እንደምል ከወዲሁ እየተለማመድኩ ነው። እናንተስ፣ በመጀመሪያው «አይ» ስንት ትራክተር አመለጣችሁ?