በመገጣጠሚያ ላይ የተጣለ እግድ

የአዲስ አበባ ሰው ጅብ አይፈራም፤ አዲስ መንገድ ላይ መጋዝ ይዞ የቆመ ሰው ግን ያርበደብደዋል። አይፈረድበትም። መንገዱ በተሠራ በሳምንቱ ቧንቧ ተረስቷል ተብሎ ይቆረጣል፤ እሱ ሲደፈን ደግሞ ኬብል ተረስቶ ይገኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኛ የልደታዎቹ ግን ልጡን ስናይ አልሮጥንም። እግድ ጣልንበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልደታ ማርያም ጀርባ ወደ ውስጥ የምትገባ አንዲት ቅያስ አለች፤ የእሷ መንገድ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነኝ። ደመወዝ የለው፣ ማኅተም የለው፣ ስድብ ግን በሽ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው ጫማችንን ሲቀማን ሰባት ዓመት ኖርን፤ እኔም ሰባት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ከርሜ በመጨረሻ ኮንክሪት ተፈቀደልን። ለዚህ ሁሉ ልፋቴ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እንግዳ ወደ ቤቴ ሲመጣ «ከቆሻሻ ገንዳው ዝቅ ብሎ» ተብሎ ነው የሚነገረው። ይህ ቀርቶ ቅያሷ በስሜ ትጠራ፣ «የጋሽ ደምሴ መንገድ» ትባል፣ አልኩ። በሆዴ ነው ያልኩት፤ ለማንም አልተነፈስኩም። ሚስቴ ግን ታውቃለች።

ኮንክሪቱ በአንድ ቀን ፈሰሰ። ሊመሽ ሲል ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ዳር ዳሩን ቆሞ አየው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ፣ ልሙጥ። ጋሽ ታፈሰ፣ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን፣ በከዘራቸው ጠርዙን ነካ ነካ አደረጉና ከእንግዲህ ሳይደናቀፉ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ እንደሆነ ሲናገሩ እንባዬ መጣ። ምን እዋሻለሁ?

በማግስቱ ጠዋት የሥራው ኃላፊ ኢንጂነር ራሔል፣ ሄልሜት ያደረገች ወጣት፣ ጎማ ያለው የኮንክሪት መጋዝ አስገፍታ መጣች። ሠራተኞቿ መንገዱን አግድም በጠመኔ ያሰምሩበታል። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ምን ልታደርጉ ነው ብላት «መገጣጠሚያ ልንሠራ» አለችኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። አንድ ወጥ የሆነውን ነገር ቆራርጦ መገጣጠሚያ ማለት ምን የሚሉት አማርኛ ነው? ሊገጣጥም የመጣ ሰው መጋዝ ይዞ ይመጣል? እኔ የማውቀው መገጣጠሚያ የጋሽ ታፈሰን ጉልበት ነው፤ እሱም ቢሆን እንቅልፍ ሲነሳቸው እንጂ ሌላ ሲጠቅማቸው አላየሁም።

ልጅቷ ግን ትዕግሥተኛ ናት። ከላይ ብቻ እንደሚቆርጡት፣ ከውፍረቱ ሩብ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ዛሬ ካለፈ ደግሞ እንደማይረባ አስረዳችኝ። «ጋሼ፣ ኮንክሪት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ መሰንጠቁ አይቀርም» አለች። «እኛ የት ጋ እንደሚሰነጠቅ በመስመር እናሳየዋለን። ካላሳየነው ራሱ ይመርጣል።»

ኮንክሪት ይመርጣል! በዚህ ሰፈር እኔ እንኳ ሊቀመንበር የሆንኩት ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው፤ ማን መርጦኝ? ሰባት ዓመት ለምኜ ያመጣሁትን መንገድ በማግስቱ የስንጥቅ ትምህርት ሲሰጡት ቆሜ ልይ? ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ሰዉን ጠራሁ።

መጀመሪያ የደረሱት ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ነገሩን ሰሙ፤ የከዘራቸውን ጫፍ አዩ፤ መስመሩን አዩ። ከዚያ ወንበር አስመጥተው ልክ ጠመኔው ላይ ተቀመጡና «እግድ ሰጥቻለሁ» አሉ። «ግራ ቀኙ እስኪሰማ መጋዙ ባለበት ይቁም።»

ጡረታ የወጣ ሬጅስትራር እግድ ይሰጣል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ደግሞስ ማን ያስነሳቸዋል? ራሔል ስትለምናቸው አረፈደች። አባቷ እንደሚሆኑ፣ መጋዝ ይዛ ወደ እሳቸው እንደማትጠጋ፣ ጎንበስ ብላ ደጋግማ ነገረቻቸው። ከሰዓት ሲሆን ተስፋ ቆረጠች። ነዋሪው መገጣጠሚያ አልፈልግም ማለቱን በወረቀት ጽፋ እንድፈርም ሰጠችኝ። ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ፤ ፊርማዬንም ሰፋ አድርጌ አሳረፍኩት። ሰዉ አጨበጨበልኝ።

ሁለት ቀን ነገሥን። ልጆች ብስክሌት ነዱበት፤ እኔም ያለ ጉዳይ ሦስት አራት ጊዜ ተመላለስኩበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚስቴ በሩን ከፍታ ቆማ ቀረች።

«መርጧል» አለችኝ ረጋ ብላ።

«ማን?»

«ኮንክሪቱ።»

ወጣሁ። ትንንሾቹ ስንጥቆች እዚህም እዚያም ነበሩ፤ እነሱን ተዉአቸው። ትልቁ ግን ከቅያሷ መግቢያ ተነስቶ፣ ከአረቄ ቤት እንደ ወጣ ሰው ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያለ፣ የማንንም ደጃፍ ሳይነካ መጥቶ የእኔ በር ሥር ቆሟል። ከሰላሳ አባወራ መካከል እኔን! አፈርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ወደ ሥራ የሄድኩት በጓሮ በኩል ነው።

ራሔል ተመልሳ መጣች። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ስንጥቁን በሜትር ለካችው። ጋሽ ታፈሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው እግዱ መነሳቱን አስታወቁ፤ ራሔልም ቢዘገይም ይሻላል ብላ ገና ያልተሰነጠቀውን ቆረጠች። ትልቁን ስንጥቅ ደግሞ ውኃ እንዳይገባበት ጥቁር ማሸጊያ ሞላችው። ግራጫ መንገድ ላይ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ከሩቅ የሚታይ፣ በቀጥታ ባይሆንም ወደ ቤቴ። ጋሽ ታፈሰ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቀጥ ባሉት ቁርጦች ላይ ዝም ብለው ያልፋሉ። ከዘራቸው የሚሰነቀረው የእኔው ጋ ሲደርሱ ነው፤ ያን ጊዜ ቆም ብለው ወደ በሬ ያያሉ፤ እግዱን ማን እንደ ሰጠው ግን አያነሱም።

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ አደባባይ ዕቃ አዘዝኩ። ያመጣው ባለሞተር ቅያሷ መግቢያ ላይ ቆሞ ደወለልኝና ቤቱ የት ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ስለ ቆሻሻ ገንዳው ልጀምር ስል የጥጉ ባለሱቅ ከድር ቀደመኝ፤ ድምፁ በስልኩ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«የጋሽ ደምሴን ስንጥቅ ይዘህ ግባ፤ የሚያልቅበት በር ነው።»