ሊቀ ፈራህያን ኦሬንና አራት ሺህ ጠርሙሶች

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አለ፤ መልካም ዜና ሲነገረው ቀና ብሎ ጣሪያውን የሚያይ። ደመወዝ ተጨመረ ሲሉት «ማንን ሊያባርሩ ነው?» ይላል። ልጅ ተወለደ ሲሉት የቤቱ ደረጃ መደገፊያ እንዳለው ይጠይቃል። ሰማዩ ጠርቶ የዋለ ቀን ፊቱ ይጠቁራል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት አጎታችሁ ነው። ምናልባትም ይህን ማንበብ ከጀመራችሁ ወዲህ ምድጃው መጥፋቱን ልታዩ አንዴ የተነሳችሁት እናንተው ናችሁ።

የእኔው አቶ ኦሬን ቶማሲኒ ይባሉ ነበር። በአንደርሰን ሸለቆ፣ ከፊሎ መንደር ወደ ባሕሩ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ዳር፣ ባለአረፋ ወይን በምትሠራ አንዲት ትንሽ ድርጅት የምድር ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። ሹመታቸው በወረቀት ይኸው ነው። እኛ ሠራተኞቹ ግን በመካከላችን «ሊቀ ፈራህያን» ብለን ሾመናቸው ነበር።

ወይናችን ውድ አልነበረም። መምህሩና መካኒኩ ለልጃቸው ምረቃ አሥራ ስድስት ዶላር ከፍለው የሚገዙት ዓይነት ነው። አሠራሩ ላይ ግን ቀልድ የለም። ፈረንሳዮቹ እንደሚያደርጉት ወይኑ ላይ ስኳርና እርሾ ይጨመራል፤ ጠርሙስ ተሞልቶ በቆርኪ ይታሸጋል፤ ከዚያ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል። አረፋው የሚወለደው በዚህ ጊዜ ነው፤ ስኳሩ በበዛ ቁጥር አረፋውም ይበዛል። ጠርሙሱ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት የመኪና ጎማን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህን ለጎብኚ ስንነግረው ይስቃል። አቶ ኦሬን አይስቁም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የምድር ቤቱን በር ከመክፈታቸው በፊት ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ለጥፈው ያዳምጡ ነበር።

የሚፈሩት ጠርሙሱን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! በሚያዝያ ውርጭ ይፈራሉ፤ በነሐሴ ሰደድ እሳት። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ደግሞ መሬት መንቀጥቀጥ እንዳይነሳ ሲጠብቁ ያሳልፉታል። መኪናቸውን የሚያቆሙት አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አዙረው ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ጎብኚ ብርጭቆዋን ጨልጣ «እንዴት ያለ ሻምፓኝ ነው!» ብትል አቶ ኦሬን ከጓዳ ብቅ አሉ።

«እባክዎ እመቤት፣ ያንን ስም እዚህ አይጥሩብን።»

«ለምን?»

«ስሙ የፈረንሳዮቹ ነው። ይሰማሉ።»

«ከዚያ ማዶ ሆነው?»

«ጠበቃ ከሩቅ ይሰማል፣ እመቤት።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ የከተማው ጋዜጣ ወይናችን አራት እጥፍ ዋጋ ከሚጠየቅባቸው እንደማያንስ ጻፈ። ሁላችንም ተቃቀፍን። የድርጅቱ ባለቤት ዌንደል ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ጨፈረ። አቶ ኦሬን ሣጥን ላይ ቁጭ ብለው አገጫቸውን ያዙ።

«አለቀልን» አሉ።

«ኧረ አሞገሱን እኮ!» አልኳቸው።

«እሱን ነው የምልሽ። እስከ ዛሬ ማንም አያውቀንም ነበር። የማይታወቅ ሰው ማን ይከሰዋል?»

እኔ በዚያን ጊዜ የታሪክ ዲግሪዬን ይዤ ወደ ሸለቆው የተመለስኩ፣ ስለ አብዮቶች ብዙ የማውቅ፣ ስለ ቧንቧና ስለ ጋን ግን ገና የምማር ልጅ ነበርኩ። ፍርሃት ያልተማረ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። አቶ ኦሬን የሚጠይቁትን ሁሉ ሳልሰማ «አዎ» ማለት ለምጄ ነበር። በሩን ዘጋሽ? አዎ። መብራቱን አጠፋሽ? አዎ። «አዎ» ማለት ለእኔ መልስ መሆኑ ቀርቶ ዝንብ ማባረሪያ ሆኖ ነበር።

ወይኑ ጠርሙስ የሚገባበት ሳምንት ደረሰ። ትልቁ ጋን ተሞልቷል። የእኔ ሥራ በወይን የሟሟውን ስኳር ከበርሜል ወደ ጋኑ በፓምፕ መግፋት ነው። አንድ በርሜል፣ አንድ ጊዜ። ሕፃን ይሠራዋል።

«ኮሪን፣ ስኳሩን ጨመርሽ?»

«አዎ፣ አቶ ኦሬን።»

ጥቂት ቆይተው ተመለሱ። «ስኳሩን ጨመርሽ አይደል?»

«አዎ አልኩ እኮ!»

«እንዳትቆጪ። ሰው ይረሳል ብዬ ነው።»

እስከ ምሳ ድረስ ዘጠኝ ጊዜ ጠየቁኝ። ከምሳ ስመለስ ከበሩ ጀርባ ስኳር የሟሟበት አንድ በርሜል ሞልቶ ቆሟል። ደነገጥኩ። ለካ እሳቸውን ዝም ለማሰኘት ስል «አዎ፣ አዎ» ስል ቆይቼ ሳልጨምረው ቀርቻለሁ! ማንም ሳያየኝ ፈጠን ብዬ ፓምፑን አስነሳሁና በርሜሉን ባዶ አደረግሁት። ከሰዓት በኋላ አራት ሺህ ጠርሙስ ሞልተን፣ አሽገን፣ ምድር ቤት ውስጥ አጋድመን ደረደርን።

ማታ ጥርሴን ስፋቅ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጠዋት ከምሳ በፊት ባዶ በርሜል አጥቤያለሁ። ቀዝቃዛው ውኃ እጄ ላይ ሲፈስ ታወሰኝ። ግን የታጠበው የዚያ ቀን በርሜል ነው ወይስ የዋዜማው? ዋዜማውንም ለሌላ ጋን ያንኑ ሥራ ስሠራ ነው የዋልኩት። ሁለቱን ቀናት ለመለየት ዓይኔን ጨፍኜ ብጥር አልሆነልኝም። አንድ በርሜል ከሆነ ወይን አለን። ሁለት ከሆነ ምድር ቤት ውስጥ ያጋደምናቸው አራት ሺህ ቦምቦች ናቸው።

ለማንም አልተናገርኩም። ለዌንደል ብነግረው ያባርረኛል። ለአቶ ኦሬን ብነግራቸው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትክክል ነበሩ ማለት ይሆናል፤ እሱ ከመባረሩ ባሰብኝ።

እንዲህ ሆኜ አምስት ሳምንት ኖርኩ። በየምክንያቱ ወደ ምድር ቤቱ ሰው እንዳይገባ አደርጋለሁ፤ መጥረጊያው ከዚያ ቢፈለግ እኔ እሮጣለሁ። በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ጠርሙስ ፈነዳ። ጧ! ቡና የያዝኩበትን ኩባያ ጣልኩት።

«ምን ያስደነግጥሻል?» አለ ዌንደል እየሳቀ። «በዓመት አንድ ሁለት መሰበሩ ደንብ ነው። አንቺም ኦሬንን ሆንሽ እንዴ?»

በአምስተኛው ሳምንት ሁለት ጨመሩ። ረቡዕ ዕለት ስጠርግ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ስብርባሪ በማዶው ግድግዳ ላይ፣ በአንገቴ ልክ፣ እንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ አየሁ። እሑድ የእናቶች ቀን ነው። ዌንደል ስልሳ እናቶችን ከነልጆቻቸው ጋብዞ በክምሮቹ መካከል ሊያስጎበኛቸው ማስታወቂያ ለጥፏል።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ኦሬንን እንደ ልማዳቸው በሩ ሥር ቆመው የእንቁላል ሳንድዊች ሲበሉ አገኘኋቸው።

«አቶ ኦሬን፣ ስኳሩን ሁለት ጊዜ ሳልጨምር አልቀረሁም።»

ይጮሃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ሳንድዊቻቸውን በወረቀቱ ጠቀለሉት።

«አልቀረሁም ነው ወይስ ጨምረሻል?»

«አላውቅም። አለማወቄ ነው የገደለኝ።»

«ሁለተኛውን ከየት አመጣሽው?»

«ከበሩ ጀርባ። ሞልቶ ቆሞ አግኝቼው...»

ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ከበሩ ጀርባ ያለው የኔ ነው» አሉ።

«የእርስዎ?»

«መጠባበቂያ ነው። በየዓመቱ ለማንኛውም ብዬ አንድ በርሜል አዘጋጃለሁ። ማታ ራሴው እደፋዋለሁ። ዘንድሮ ባዶ ሳገኘው ዌንደል የደፋው መስሎኝ...»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ጠየቅሁሽ እኮ። 'ሁሉ ነገር ደህና ነው ወይ?' ስልሽ አዎ አልሽኝ።»

ከዚያ ወፍራሙን የቆዳ መጎናጸፊያና የፊት መከለያውን አድርገው ብቻቸውን ገቡ፤ አንዲት ጠርሙስ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘው ወጡ። ቆርኪውን በሚበሳው የግፊት መለኪያ ወጓት። ጠቋሚዋ ስድስት ላይ መቆም ነበረባት። ስድስትን አለፈች። ሰባትን አለፈች። ስምንት ተኩል ላይ ቆመች።

«ገና እየፈላ ነው» አሉ።

ዌንደል በልጅነቱ አቶ ኦሬን ብስክሌት እንዳይነዳ ያስከለከሉት ልጅ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ የሚሉትን በግማሽ ጆሮ ነው የሚሰማው። መለኪያውን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ።

«እሑድ ስልሳ እናቶች ይመጣሉ!» አለ።

«ውጪ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ፖም ዛፍ ሥር ይቀመጡ። የአምናውን ይጠጡ። ምድር ቤቱ ዛሬ ይዘጋል፤ ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻው ይከፈታል። እርሾው በብርድ ሲተኛ እየገባን አንድ በአንድ እንከፍታቸዋለን።»

«አራት ሺውን?»

«የቀሩትን።»

ዌንደል ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ዕቃሽን ሰብስቢ። ዛሬውኑ።»

«ቆይ እስቲ» አሉ አቶ ኦሬን። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት አብሮኝ የሚፈራ ሰው ስፈልግ ኖርኩ። አንተ ትስቃለህ፤ አባትህም ይስቅ ነበር። አሁን ገና አንድ ባገኝ ልታባርራት? ይህች ልጅ ከእንግዲህ አንድ በርሜል ሳትነካካ፣ ሳትቀምስ፣ ሦስቴ ሳትጠይቅ አታልፍም። እንደሷ ያለ ከየት ታመጣልኛለህ? ደግሞ ካባረርክ ሁለታችንንም ነው። በርሜሉ የኔ ነው።»

ዌንደል በመስኮቱ ወደ ፖም ዛፉ አየና ወንበር ሊቆጥር ወጣ።

ያ ወይን ድኖ ድንቅ ሆነ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልሆነም። የከፈትነውን ሁሉ ወደ ጋን መልሰን በዓመቱ እንደገና ጠርሙስ አስገባነው፤ ሲጠጡት ድካም ድካም ይላል። በአሥራ አንድ ዶላር ሸጥነው። እኔ እዚያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ቆየሁ። አሁን የምኖረው ከተማ ነው፤ አቶ ኦሬንም ካረፉ ቆይተዋል። አንዳንድ ቀን ገበያ መደርደሪያ ላይ እንዲያ ያለ ርካሽ ባለአረፋ ወይን ሳይ ቆም እላለሁ፤ የሚታየኝ ግን ያ ጠዋት ነው።

እሑድ ነበር፤ እናቶቹ ሊመጡ ገና ብዙ ሰዓት ይቀራል። ከባሕሩ የመጣው ጉም ደጁን ሞልቶታል። ምድር ቤቱ ለሦስት ቀን ሲቀዘቅዝ ሰንብቶ ትንፋሻችን ይጨሳል። መጎናጸፊያ፣ ጓንት፣ የፊት መከለያ አድርገን በሩን አልፈን ጥቂት እንደተራመድን በስተግራ አንዱ ፈነዳ። እኔ ወለሉ ላይ ነኝ። ስብርባሪው በላያችን ሲዘንብ፣ ሲንኳኳ፣ ከዚያ ጸጥ ሲል ሰማሁ። ቀና ስል አቶ ኦሬን በእኔና በክምሩ መካከል ቆመዋል። ደፋር ሆነው አይደለም። ጀርባቸው ከላይ እስከ ታች ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የቆዳው መጎናጸፊያ ማሰሪያ ሲርገበገብ ይታየኛል። ግን ቆመዋል።

«ተነሺ» አሉኝ ሳይዞሩ። «ፈራሽ?»

«በጣም።»

«ጎሽ» አሉ። «በሁለት እጅሽ ያዢ፤ አፉን ወደ ግድግዳው።» የመጀመሪያዋን ጠርሙስ ከክምሩ ላይ ቀስ ብለው አነሱ።